እንጨቱ ላይ የበቀለ ጥጥ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ያለው አናጢ ለብዙ ቀን በርሜል ውስጥ ነክሮት የከረመውን ግንድ ሲያወጣ በበሩ በኩል አለፍኩ። ሽታው ያዘኝ። የጭቃ ሽታ አይደለም፤ የሻይ ቅጠልም አይደለም፤ የሁለቱ መሀል የሆነ፣ ትንሽ የሚጣፍጥ፣ ትንሽ የሚጎመዝዝ ነገር ነው። ቆሜ ቀረሁ። አናጢው "ምን ፈለግሽ እህቴ?" ሲለኝ "ምንም" ብዬ ሄድኩ። በቅጡ ለማላውቀው ሰው፣ የበርሜል ውሃ አራተኛ ክፍል ወደነበርኩበት ዓመት መለሰኝ ብዬ እንዴት ልንገረው?

ያን ዓመት የምኖረው ገንዳ ውሃ ከተማ፣ አክስቴ የሺ ዘንድ ነበር። እናቴና አባቴ ኮኪት አጠገብ ሰሊጥና ማሽላ ያርሳሉ፤ ከእርሻው እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ ለእኔ እግር ይረዝማል ተብሎ ወደ አክስቴ ተላክሁ። አክስቴ ነርስ ናት። የተከራየችው ክፍል ጋሽ ደምሌ ግቢ ውስጥ ነበር።

ጋሽ ደምሌ መስታወት ቆራጭ ናቸው። ጉርምስናቸውን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሲሠሩ ቆይተው ነው የተመለሱት። ሱቃቸው መንገዱን ያያል፤ ግድግዳው ላይ የተደገፉት መስታወቶች የሚያልፈውን ባጃጅ ሁሉ አምስትና ስድስት ያደርጉታል። መስታወት ሲሰበርባቸው አይቆጡም። "ማሌሽ" ይሉና መጥረጊያ ያነሳሉ። ከሱዳን ያመጧት ቃል ናት፤ "ግድ የለም" እንደማለት።

በመስኮት ትርፍራፊ መስታወት ራሳቸው ቆርጠው፣ በሲሊኮን አጣብቀው የሠሩት ሳጥን ነበራቸው። ውስጡ ውሃና ዓሣ ነው። ገዳሪፍ የሠሩበት ነጋዴ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይተው ከልባቸው አልወጣ ብሏቸው ነው። ሰው መስታወት ሊያስቆርጥ ገብቶ ዓሣ ሲያይ ይቆያል። አንድ የሰሊጥ መኪና ሾፌር በመጣ ቁጥር "ጋሽ ደምሌ፣ እነዚህ መቼ ነው የሚጠበሱት?" ይላል።

"አንተ ተጠብሰህ ካለቅህ በኋላ" ይሉታል። ጥቅምት ላይ ቆላው ሰውን ሁሉ ስለሚጠብስ ቀልዱ ሁልጊዜ ያስቃቸዋል።

እኔ ያን ጊዜ ድምፄ አይወጣም ነበር። መምህሩ ስም ሲጠሩ "አቤት" የምለው ለራሴ ያህል ብቻ ስለነበር፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ቀሪ የተባልኩበት ቀን አለ። ቀሪ አይደለሁም ለማለትም መናገር ያስፈልግ ነበርና ዝም አልኩ።

ከዓሦቹ ጋር ያገናኘኝ የመብራት መጥፋት ነው። ሳጥኑ ውስጥ አየር የምትነፋ ትንሽ ሞተር ነበረች። መብራት ሲሄድ እሷም ዝም ትላለች። ያኔ ጋሽ ደምሌ ከሳጥኑ በጣሳ ውሃ እየቀዱ፣ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሱታል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ቆሜ ሳይ ጣሳውን ሰጡኝ።

"ከፍ አድርገሽ አፍሺ። ዓሣ የሚተነፍሰው ከሚወድቅ ውሃ ነው" አሉኝ።

ክንዴ እስኪዝል አፈሰስኩ። ማውራት የማይጠይቅ ሥራ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራት ሲሄድ ማንም ሳይጠራኝ እሮጣለሁ።

ዓሦቹ ቆሮሶ የሚባሉት ዓይነት ናቸው፤ አምስት ነበሩ። ጋሽ ደምሌ ናቸው የሽንፋ ወንዝ በበጋ ሲቆራረጥ ከቀረ ኩሬ በአሮጌ አጎበር ያጠመዷቸው። ትልቁ ከመዳፌ አይበልጥም፤ ሹሙ አልኩት። አንዱ ከመስታወቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሲመላለስ ስለሚውል ሾፌር ነው። ሁለቱን መለየት ስለማልችል መንትዮች አልኳቸው። የመጨረሻው ጭራው በአንድ በኩል የተነከሰ፣ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ ስሙ ቁራጭ።

ጋሽ ደምሌ አንድ ሕግ ብቻ ሰጡኝ። "ውሃ የምትጨምሪው ከዚህ በርሜል ነው። ከሌላ ከየትም እንዳታመጪ።" ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አንድ ቀን ሳጥኑን እያዩ "መደበቂያ የላቸውም" አሉ። "ሰው ሁሉ ሲያያቸው ይውላል። ዓሣም እኮ ያፍራል። አንድ ጥሩ ጉቶ ቢገኝ…"

ሰው ሲያየኝ የምገባበት ማጣት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ጉቶውን እኔ አመጣለሁ አልኩ፤ በልቤ።

ጥቅምት ላይ ሁለት ቅዳሜ በተከታታይ ወደ እርሻው ሄድኩ። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ እንዲደርቅ ቆሟል። ያን የቆመ ክምር ሂላ ይሉታል፤ ከሩቅ ሲታይ ተኮልኩለው የሚያወሩ ሰዎች ይመስላል። በዚያ ሰዓት ከሰማይ የሚፈለግ ነገር የለም። ግን በመጀመሪያው ቅዳሜ ከትራክተሩ ተሳቢ ስወርድ ነጎደ፤ ዘነበ። በሁለተኛውም ቅዳሜ እንደዚያው።

ለአጨዳ ከጎጃም የመጣ አንሙት የሚባል ሠራተኛ ነበር። ወሬው ከእጁ ይፈጥናል። ሁለተኛውን ጊዜ ገና ስወርድ ሲያየኝ ማጭዱን አንስቶ ጮኸ።

"ወይዘሪት ዝናብ መጣች! ኧረ ላስቲክ አልብሱ! ይች ልጅ ደመናውን በገመድ ጎትታ ነው የምትመጣ!"

ሁሉም ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። ወደ ሰማይ አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ አየ። ዛሬ ሳስበው ልጁን ሳምንት ሙሉ ሳያያት የቆየ አባት አስተያየት ነበር። ያኔ ግን አንሙትን ያመነው መሰለኝ።

እሑድ ጠዋት አባቴ የአንዱን ሂላ ግርጌ ከፈተ። ከሥሩ ነጭ ነገር በቅሎበታል፣ እንደ ጥጥ ያለ። በጣቱ ነካው፣ አሸተተው፣ ጣለው። "ሻግቷል" አለ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዞር አለች። እኔ ከበስተኋላቸው ቆሜ ዋልካው የያዘውን ጫማዬን ስመለከት፣ ይህን ሁሉ ያደረግሁት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ።

ከሰዓት በኋላ ከእርሻው ጀርባ ወዳለው ቦይ ብቻዬን ወረድኩ። ጎርፍ ያመጣው የዛፍ ሥር አገኘሁ፤ ልጡ የረገፈ፣ እንደ ፍየል ቀንድ የተጠማዘዘ፣ ከሥሩ ዋሻ ያለው። አቅፌው ገንዳ ውሃ ገባሁ። ቢያንስ አንድ ጥሩ ነገር ይዤ መጣሁ አልኩ።

ጋሽ ደምሌ ዙሪያውን አገላብጠው ዳሰሱት። "ይህን የመረጥሽው ራስሽ ነሽ? ዓይን አለሽ" አሉኝ። እንዳይንሳፈፍ ብለው በሌላ በርሜል ነከሩት። በየቀኑ ውሃው እየጠቆረ ሄደ። "ሻይ አፍልተሽልኛል፣ ስኳር ብቻ ነው የቀረው" ይሉኛል። ያ የአናጢው በርሜል ሽታ ይህ ነው።

ኅዳር ገብቶ ጉቶው ሲሰምጥ ጋሽ ደምሌ ወደ ጎንደር ሊሄዱ ነበር፤ የዓይን ሞራቸው ሊገፈፍ። በመሄጃቸው ዋዜማ ጉቶውን ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጡት። ቁራጭ ወዲያው ዋሻው ውስጥ ገባ። ጭራው ብቻ ቀረ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ። ሁለታችንም ሳቅን።

በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ከመውጣታቸው በፊት የሱቁን ቁልፍ ለአክስቴ ሰጡ፤ ወደ እኔ ዞረው ግን "ትርንጎ፣ አደራ" አሉኝ። ሰው አደራ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጉቶው ነጭ ሆኗል።

መጀመሪያ ብርሃን መሰለኝ። ቀረብ ብዬ አየሁ። ቀጭን፣ የሚንቀሳቀስ፣ እንደ ጥጥ ያለ ነገር ከእንጨቱ ላይ በቅሎ ውሃው ውስጥ ይወዛወዛል። አውቀዋለሁ። ከሂላው ግርጌ ያየሁት ነው። ተከትሎኝ መጣ።

እጄን አስገብቼ በጣቴ ጠረግሁት። እንደ ንፍጥ ያሙለጨልጫል። በማግስቱ ከነበረው ወፍሮ ጠበቀኝ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈገፈግሁት፤ እንደገና በቀለ። ከሁሉ የከፋው ቁራጭ ነበር። ከነጩ ነገር ቆንጠር እያደረገ ይበላል። መስታወቱን እየመታሁ "ተው! ተው!" እለዋለሁ፤ እሱ እንደሆነ አይሰማም። መርዝ እየበላ መሰለኝ።

ለአክስቴ ልናገር ሦስት ጊዜ ተነሳሁ። ግን ስለ ጉቶው ካወራሁ ስለ ሂላው ማውራቴ ነው። ስለ ሂላው ካወራሁ ደግሞ አንሙት እውነቱን ነው ማለቴ ነው።

ማታ ማታ ጋሽ ደምሌ በአክስቴ ስልክ ይደውላሉ።

"ትርንጎ? ዓሦቹ እንዴት ናቸው?"

"ደህና ናቸው።"

"ምን? አይሰማም!"

"ደህና ናቸው።"

"ይቺ ልጅ ስልኩን ነው አየሩን የምታናግረው? የሺ፣ ምን አለች?"

"ደህና ናቸው ነው የምትለው፣ ጋሼ" ትላለች አክስቴ። ውሸቴ በእሷ አፍ ጮክ ብሎ ሲወጣ እሰማና ብርድ ልብሴ ውስጥ እገባለሁ።

ቅዳሜ አክስቴ ተረኛ ነበረች። እኔ ጋ አንድ ሐሳብ መጥቷል። የምንጠጣውን ውሃ አክስቴ በመድኃኒት ነው የምታክመው፤ ትንሽ ጠርሙስ ናት፣ ለአንድ ጀሪካን አንድ ክዳን። ለጎረቤት ሁሉ ስታስተምር "በዓይን የማይታየውን ጀርም ይገድላል" ስትል ሰምቻታለሁ። የማይታየውን ከገደለ የሚታየውንማ እንዴት ይምረዋል?

ጥንቁቅ ልጅ ነበርኩ። ሳጥኑ ስንት ጀሪካን እንደሚይዝ አውቃለሁ፤ ስድስት ነው። ስድስት ክዳን ማለት ነው። ክንዴን መስታወቱ ላይ አስደግፌ አንድ ብዬ ቆጠርኩ። ሁለት። ሦስት። አራተኛውን ሳፈስ ሾፌር መመላለሱን አቆመ። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ወደ ላይ ወጡ፤ አፋቸውን ከውሃው አውጥተው ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ።

የማውቀውን አደረግሁ። ጣሳውን አንስቼ ከፍ አድርጌ አፈሰስኩ፣ ደግሜ አፈሰስኩ። ቁራጭ በጎኑ ተኛ።

ጣሳውን ጥዬ ሮጥኩ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሕፃን ለማስከተብ የመጡ እናቶች ተሰልፈዋል። በመሀላቸው ሰንጥቄ ገባሁና እንደዚያ ዓይነት ድምፅ አለኝ ብዬ በማላውቀው ድምፅ ጮህኩ።

"እትዬ የሺ! እየሞቱ ነው!"

ሰልፉ ጸጥ አለ። አክስቴ መርፌውን አስቀምጣ ብድግ አለች። "ማን ነው የሚሞተው?"

"ዓሦቹ!"

"ውይ! ልቤን አወረደችው እኮ!" አለች አንዷ እናት፤ ሌሎቹ ሳቁ። አክስቴ አልሳቀችም። እጄን ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ የመድኃኒቱን ሽታ አወቀችው። ለጓደኛዋ "መጣሁ፣ ያዢልኝ" ብላ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከእኔ ጋር ሮጠች።

ሳፋ አመጣን። ከጋሽ ደምሌ በርሜል ሞላነው። አክስቴ በሻይ ማጥለያ አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ሹሙ፣ ሾፌር፣ መንትዮቹ፤ እየተንፈራገጡ ሳፋው ውስጥ ገቡ፤ ትንሽ ቆይተው ክንፋቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ቁራጭ አልጀመረም።

ከግቢው ኒም ዛፍ ሥር ቀበርኩት። ጉቶውንም ከሳጥኑ አውጥቼ ከሱቁ ጀርባ ወረወርኩት። አክስቴ ሳጥኑን ስታጥብ ቆይታ፣ ሳትቆጣ፣ "እኔ ለጋሽ ደምሌ አልነግራቸውም" አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠለች። "አደራ ያሉት አንቺን ነው። የምትነግሪያቸውም አንቺ ነሽ።"

ጋሽ ደምሌ በሳምንቱ ተመለሱ። አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል፤ ሌላኛው ገና ሞራው አልተገፈፈለትም፣ ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። በእጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ሱቁ ገቡና ሳጥኑ አጠገብ ተቀመጡ።

"እህ፣ አምስቱም ሰላም?"

ማየት አይችሉም ነበር። አዎ ብል ያ ቀን ያልፋል። ምናልባት ሌላም ቀን።

"አራት ናቸው" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"አራት ናቸው!"

ፊታቸው ወደ እኔ ዞረ። "ማነው የሌለው?"

"ቁራጭ።" ከዚያ በኋላ አንደበቴ ተከፈተ፤ መዝጋት አቃተኝ። ነጩን ነገር፣ ብሩሹን፣ አራቱን ክዳን ነገርኳቸው። ሂላውንም ነገርኳቸው። "ሻጋታው ከእኔ ጋር ነው የመጣው። ዝናቡንም እኔ ነኝ የማመጣው። ወይዘሪት ዝናብ ነው የሚሉኝ። የአባቴን ሰሊጥ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

ጋሽ ደምሌ አልሳቁም። የሳጥኑን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱ። 

"በርሜሉን ያልኩሽ" አሉ፣ "የታከመ ውሃ ለዓሣ ስለማይሆን ነው። ምክንያቱን አልነገርኩሽም። ጥፋቱን ለሁለት እንካፈለው። ማሌሽ።" ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። "ጉቶው የት አለ? አምጪው።"

"ሻጋታ አለበት።"

"አምጪው አልኩሽ።"

አመጣሁት፤ ፀሐይ አድርቆት ነጩ ነገር ቅርፊት ሆኗል። አጥበው መልሰው ሳጥኑ ውስጥ አስገቡት። አፌን ከፍቼ አየኋቸው።

"አዲስ እንጨት ውሃ ሲገባ ውስጡ የቀረውን ጣፋጭ ነገር ይተፋል። ያ ነጭ ነገር የሚበቅለው እሱን ሊበላ ነው። ጣፋጩ ሲያልቅ እሱም ይሄዳል። ዓሣውን ምንም አያደርገውም፤ እንዲያውም ይበላዋል። ገዳሪፍ እያለሁ እኔም ፈርቼ ሦስት ጉቶ ወርውሬያለሁ። ባለቤትየው ነው ሦስተኛውን ሲያይ የጮኸብኝ።"

"ቁራጭ ሲበላው ነበር" አልኩ።

"ጎበዝ ነበራ" አሉ። ያኔ አለቀስኩ፤ አልቅሼ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ነጩ ነገር እንደገና በቀለ። አሁን ሥራዬ ሌላ ሆነ። የጋሽ ደምሌ ዓይን ፋሻ ላይ ስለነበር በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ "ዛሬስ?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ማየት ብቻ ሳይሆን መናገር ግዴታ ሆነብኝ።

"ዛሬ እንደ ጥጥ ነው።"

"ያልተፈተለ ወይስ የተፈተለ?"

"ያልተፈተለ። በጎኑ በኩል ግን እንደ ሽማግሌ ጢም ሆኗል።"

"እንደ እኔ?"

"ከእርስዎ ይበልጣል።"

በሌላ ቀን ወተት ሲበርድ እንደሚይዘው ስስ ሽፋን ነበር። ቀጥሎ ሹሙ አንዱን ጎን ጋጠው፤ እንጨቱ ጠቆር ብሎ ታየ። መንትዮቹ ከሥር ጀመሩ። ጋሽ ደምሌ ጣቴን ይዘው ነጩ ላይ አስነኩኝ፤ ለስላሳ ነበር፣ ክፋት አልነበረበትም። ፋሻው የተፈታ ዕለት ጋሽ ደምሌ ፊታቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ለረጅም ጊዜ አዩ። "ልክ እንዳልሽው ነው" አሉኝ። ታኅሣሥ ሳያልቅ ጉቶው ንጹሕ ሆነ፤ ማንም ሳይፈገፍገው።

ስለ ዝናቡ ግን አልረሱም ነበር።

"እሱን እንዲሁ አልመልስልሽም" አሉኝ አንድ ቀን። "ሰኔ ላይ ሁሉም ሰው ዝናብ ይፈልጋል። ያኔ ሂጂና ውረጂ። ከዘነበ እኔም ወይዘሪት እልሻለሁ። ካልዘነበ ትደውይልኛለሽ።"

ሰኔ ላይ ትምህርት ተዘግቶ ሄድኩ። መሬቱ ታርሷል፤ ዘሩ በጆንያ ተቀምጧል፤ ዝናቡ ዘግይቷል። አባቴና ሠራተኞቹ ዳሱ ሥር ተቀምጠው ሰማይ ያያሉ። አንሙት ለዘር ሥራ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ከተሳቢው ስወርድ ሲያየኝ ከመሬት ተነሣ።

"ተመስገን! ወይዘሪት ዝናብ መጣች! በሉ ዘሩን አውጡ!"

ሁሉም ቀና አሉ። እኔም ቀና አልኩ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነው። ከሰዓት በኋላም አልዘነበም። በማግስቱም። በሦስተኛው ቀን አንዲት ደመና መጥታ ቆማ ቆማ ወደ ሱዳን አለፈች።

"ምን ነካሽ ዘንድሮ?" አለኝ አንሙት፣ ከልቡ ተቀይሞ። "ስንለምንሽማ ትኮሪያለሽ?"

ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። አባቴ አየኝ። "ምን ያስቅሻል ልጄ? እዚህ ሰው ተጨንቋል።"

"እኔ አይደለሁም" አልኩት።

"ምኑ?"

"ጥቅምት ላይ የዘነበው። እኔ አላመጣሁትም።"

አባቴ ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው ወደ አንሙት ዞረ፣ ከዚያ ወደ እኔ። ልደውልበት ስለው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ለማን እንደምደውል አልጠየቀኝም። ኔትወርክ ወዳለበት የምስጥ ኩይሳ ላይ ወጣሁ።

"ሄሎ? ማነው?" አሉ ጋሽ ደምሌ።

"ጋሼ! አልዘነበም!"

"አይሰማም!"

"አልዘነበም! ሦስት ቀን ሙሉ አልዘነበም!"

ዳሱ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንሙት እጁን በአናቱ ላይ አደረገ። "ኧረ ይች ልጅ አብዳለች! ሰው ዝናብ አጥቶ እሷ እልል ትላለች!" አባቴ ግን ከጥቅምት ወዲህ ሰምቼው በማላውቀው ሳቅ ሳቀ፤ ቀና ብሎ፣ ባዶውን ሰማይ እያየ።

"አሁን ተሰማ" አሉኝ ጋሽ ደምሌ። "በይ ስትመጪ ሌላ ጉቶ ይዘሽልኝ ነይ።"